«ሚሊ» ስንት ነው? የ12 ዓመት የዝናብ ደብተር ወደ ሲስተም ሲገባ

ኅዳር 3፣ 2017

ሥራውን ዛሬ ተረከብኩ። መረከብ ከተባለ ማለቴ ነው። አንድ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ውስጡ 13 ደብተር፣ አንድ ፍላሽ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አንድ ላፕቶፕ። ከዚያ ደግሞ «ቀሪው ኢሜይል ላይ አለ» የሚል ቃል። የማን ኢሜይል? ከለቀቀ አራት ዓመት የሆነው ልጅ። የይለፍ ቃሉን እሱም ረስቶታል።

ነገሩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከቡታጅራ ወደ ደጋው ስትወጡ አንድ ትንሽ ተፋሰስ አለ። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ እርከን ተሠርቶበታል፣ ከብት እንዳይገባ ተከልሏል፣ ችግኝ ተተክሏል። ያኔ ሥራውን የጀመሩት ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር አድርገዋል። ዝናብ በየቀኑ የሚለካ ሰው መድበዋል፤ አምስት ምንጮችም በየሳምንቱ ይለካሉ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ መሬቱ ሲያገግም ምንጩ ይበረታል ወይ? መልሱ ግን በሁለት ዓመት አይገኝም፤ ዝናቡ ራሱ ከዓመት ዓመት ስለሚዋዥቅ ምንጩ የበረታው በእርከኑ ይሁን በዘንድሮው ክረምት ለመለየት አሥርና ሃያ ዓመት ሳያቋርጡ መለካት ይጠይቃል።

የእኔ ድርሻ ሁለት ነው። ያለፉትን 12 ዓመታት አንድ ቦታ ማምጣት፣ ከዚያ ለሚቀጥሉት 15 ዓመታት የሚሆን የዳታ አያያዝ መዘርጋት። በ15ኛው ዓመት እኔ እዚህ እንደማልኖር ከወዲሁ ገምቼ ነው የምሠራው። ይህንን ማስታወሻም የምጽፈው ለዚያ ነው፤ ለምን እንዲህ እንደወሰንኩ አንድ ሰው ወደፊት ሲጠይቅ እኔን ከመፈለግ ይድናል።

የዛሬው ውሳኔ አንድ ብቻ። ፍላሹ ላይ ያለውን በሙሉ «ጥሬ» የሚል ፎልደር ውስጥ ገለበጥኩ፣ የእያንዳንዱን ፋይል አሻራ (ሻ 256 የሚሉትን፣ ፋይሉ ትንሽ ቢነካ የሚለወጠውን ረጅም ቁጥር) አወጣሁ፣ ፎልደሩን እንዳይነካ ቆለፍኩት። እዚያ ውስጥ ያለ ምንም ነገር አይታረምም። ስህተት መሆኑን ባውቅም አይታረምም።

ኅዳር 6

ቆጠራ። 41 የኤክሴል ፋይል። «ዝናብ የመጨረሻ»፣ «ዝናብ የመጨረሻ 2»፣ «ዝናብ የመጨረሻ እውነተኛው»፣ ከሁሉም የገረመኝ «ዝናብ ይህን አትንኩ»። ተነክቷል። ከቁጥሮቹ አንዳንዶቹ ቢጫ ተቀብተዋል፣ ጥቂቶቹ ቀይ። ቢጫው ምን ማለት እንደሆነ የትም አልተጻፈም። ቀለም ዳታ አይደለም ብዬ ድሮም እጨቃጨቃለሁ፤ ትርጉሙ ከቀቢው ጋር አብሮ ሥራ ይለቃል።

ደብተሮቹን በስልክ ሳይሆን በስካነር፣ በ300 ዲፒአይ እያነሳሁ ነው። አንዱን ደብተር አይጥ ጠርዙን በልቶታል፤ ደግነቱ የበላው የአስተያየት ዓምዱን ነው ብዬ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ከሁሉም ዋጋ ያለው ያ ዓምድ ነበር።

ኅዳር 12

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከቀን ጋር ስታገል ዋልኩ።

ደብተሩ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ መሆንም አለበት። ችግሩ ኤክሴል ላይ ሲገባ የመጣ ነው። ላፕቶፑ የተሞላው በአሜሪካ አጻጻፍ ነው፤ ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል። የሞላው ልጅ ደግሞ እንደ ሁላችንም ቀን አስቀድሞ ይጽፋል። ጥቅምት 12 ቀን 2010 ለማለት 12/2/2010 ብሎ ይጽፋል፤ ኤክሴሉ ምንም ሳያንገራግር ዲሴምበር 2 ያደርገዋል። በማግሥቱ 13/2/2010 ሲል ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ስለዚህ በየወሩ የመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት የፈረንጅ ቀን ሆነዋል፣ ቀሪዎቹ 18 ደግሞ ጽሑፍ። ለማየት ቀላል ነው፤ ጽሑፉ ወደ ግራ ይጠጋል፣ ቀኑ ወደ ቀኝ። ማንም ግን አላየውም።

በጳጉሜ ደግሞ ጉድ ፈላ። 1/13/2009 ሲጻፍ ጃንዋሪ 13 ሆነ። 2/13 ፌብሩዋሪ 13። እንዲህ እያለ ጳጉሜ 5 ሜይ 13 ላይ አረፈች። የክረምቱ ማብቂያ ዝናብ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ተበትኖ፣ በፈረንጅ ወር ስታዩት በጋው ላይ በየወሩ አንድ ቀን ደህና ዝናብ ይታያል። ሌላ አገር ያለ ተመራማሪ ይህን ፋይል ቢያገኝ «የሚገርም የበጋ ዝናብ ሥርዓት» ብሎ ወረቀት ሊጽፍበት ይችላል። ለነገሩ ኤክሴል ነገር ወደ ቀን በመቀየር ያላስቸገረው የለም፤ የዘረመል ተመራማሪዎች ስማቸው ወር የሚመስል ዘረመሎች ቀን እየሆኑባቸው ተቸግረው በ2020 በፈረንጆቹ ስሞቹን ራሳቸውን ቀይረዋል። እነሱ ስም ቀየሩ፤ እኛ ጳጉሜን አንቀይር።

የወሰንኩት እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ልኬት ሁለት የቀን ዓምድ ይኖራል። አንደኛው በደብተሩ ላይ እንደተጻፈው፣ ጽሑፍ ሆኖ፣ ዓመት ወር ቀን በሚል ቅደም ተከተል፦ 2009-13-05። ሁለተኛው የፈረንጁ፣ በኮድ ተሰልቶ፦ 2017-09-10። ሁለተኛውን ማንም በእጁ አይጽፈውም።

ኮዱ ቀላል ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ከሆነ፣ ማለትም ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ከሆነ፣ ጳጉሜ 6 ስለምትሆን መስከረም 1 ወደ 12 ይገፋል። መፈተኛ ይሆኑኛል ያልኳቸው፦ መስከረም 1 ቀን 2012 ሴፕቴምበር 12፣ 2019 መሆን አለበት። መስከረም 1 ቀን 2013 ሴፕቴምበር 11፣ 2020። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11፣ 2023። ሦስቱም አለፉ። «በቃ 7 ዓመት ከ8 ወር ደምር» የሚል ቀመርም ከፋይሎቹ በአንዱ ውስጥ አግኝቻለሁ፤ የጻፈውን ሰው ባገኘው ቡና ጋብዤ እገሥጸዋለሁ።

ኅዳር 21

ጽዮን ናት፤ ላርፍ አስቤ ነበር። አልቻልኩም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ፋይሎች በየወሩ አንድ ገጽ አላቸው፤ ገጾቹ ግን 12 ናቸው። ጳጉሜስ? በ2004 ነሐሴ ገጽ ላይ 31፣ 32፣ 33 ተብላ ተቀጥላለች። በ2005 የለችም። በ2006 የአምስቱ ቀን ድምር መስከረም 1 ላይ ተጭኗል፤ የዘመን መለወጫ ጎርፍ የመጣ ይመስላል።

ደብተሩ ላይ ግን ሁሉም በየቀኑ አለ። የ2005 ጳጉሜ 3 ላይ እንዲህ የሚል አስተያየት አገኘሁ፦ «ሩፋኤል። ልጆች ለጠበል ብለው ከመለኪያው ውሃ ቀድተዋል። የተረፈው 6.1።» ብቻዬን ሳቅሁ። በእኛ አገር ዝናብ ስትለኩ የሩፋኤልን ዝናብ ለመጠመቅ የሚመጣ ልጅም የስህተት ምንጭ ነው። በሲስተሙ ላይ ለዚህ ዓይነቱ «ዝቅተኛ ግምት፤ ከዚህ በላይ ነው» የሚል ምልክት ጨመርኩ። ቁጥሩ 6.1 ሆኖ ይቀመጣል፣ ምልክቱ አጠገቡ፣ የመጀመሪያው ለኪ የጋሼ አስተያየት ቃል በቃል።

ታኅሣሥ 1

ሰዓት። ዝናቡ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ደብተሩ «3፡00» ይላል። በ2013 የተገጠመው አውቶማቲክ መለኪያ፣ ባልዲው በተገለበጠ ቁጥር 0.2 ሚሊሜትር የሚመዘግበው፣ ያንኑ ሰዓት 06:00 ይለዋል፤ የተሞላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የስልክ ፎርሙ ደግሞ 09:00። አንድ ጠዋት፣ ሦስት ቁጥር። ሁለቱን መለኪያዎች ለማነጻጸር የሞከረ ሰው ነበር፤ በሁለት ፋይል መካከል የሦስት ሰዓት ልዩነት አግኝቶ «አውቶማቲኩ ሰዓቱ ተበላሽቷል» ብሎ ጽፏል። ሰዓቱ ደህና ነበር።

በእርግጥ የተበላሸበት ጊዜም አለ። ባትሪው ሲያልቅ ወደ ጃንዋሪ 1፣ 2000 ይመለሳል። ስለዚህ መለኪያው ከመገጠሙ ከ20 ዓመት በላይ ቀድሞ የዘነበ ዝናብ አለን፤ የእኛ ሚሊኒየም እንኳ ገና ሳይገባ።

ሌላው ጥያቄ ጠዋት የተነበበው ውሃ የማን ቀን ነው የሚለው ነው። አብዛኛው የዘነበው ትናንት ከሰዓትና ሌሊት ነው። የመጀመሪያው ለኪ የሚጽፈው ባነበበበት ቀን ላይ ነበር። ከ2010 ጀምሮ የተካው ልጅ ሥልጠና ወስዶ ስለነበር በትናንቱ ቀን ላይ ነው የሚጽፈው። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ሁለቱን መደባለቅ ግን አያስኬድም። ስለዚህ የሚቀመጠው «የተነበበበት ቀንና ሰዓት» ብቻ ነው፤ የዝናቡ ቀን ከዚያ ይሰላል። የ2010 መጋቢት ዝውውር የት ላይ እንደሆነ ከእጅ ጽሑፉ ለየሁ።

ታኅሣሥ 8

ባዶ ቦታ ምን ማለት ነው?

ደብተሩ ላይ አራት ነገር አለ። 0 አለ፣ ሰረዝ አለ፣ «የለም» አለ፣ ባዶ አለ። ኤክሴሉ ላይ አራቱም 0 ሆነዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዝናብ የለም እና አልታየም የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ሰውየው ሦስት ቀን ለቅሶ ሄዶ ከሆነ እነዚያን ሦስት ቀናት ድርቅ አድርገን እንመዘግባቸዋለን።

የመጀመሪያውን ለኪ በስልክ አገኘኋቸው። አሁን እርጅናው ተጫጭኗቸዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው፣ ትዝታቸው ደግሞ ከእኔ ይሻላል።

«ጋሼ፣ ባዶ የተዉት ቦታ ምንድን ነው?»

«ካልዘነበ ምን ብዬ ልጽፍ?»

«ሰረዙስ?»

«እሱ እንኳ ያልሄድኩበት ቀን ነው። ታዲያ ያልሄድኩበትን ባዶ ብተወው አልሠራም ይሉኝ የለ? ስለዚህ እሰርዝበታለሁ።»

«ዜሮስ?»

«ዜሮ ጠብ ጠብ ብሎ ከታች ያልሞላ ነው። መሬቱ ረጥቧል፣ ብርጭቆው ግን አይነካውም።»

እንግዲህ ባዶ ማለት ዝናብ የለም ነው። ሰረዝ ማለት አልታየም ነው። 0 ማለት ደግሞ ዘንቧል፣ ግን ለመለኪያ አልበቃም ነው። ይህን ያለ እሳቸው ማን ይገምታል? እኔ ብቻዬን ብወስን ኖሮ ተቃራኒውን ነበር የምወስነው። ቀጥዬ የተካቸውን ልጅ ጠየቅሁት፤ በእሱ ዘንድ 0 ዝናብ የለም ነው፣ ባዶ ደግሞ አልሄድኩም ነው። ተገላቢጦሽ።

ስለዚህ ትርጉሙ ከምልክቱ ጋር ሳይሆን ከሰውየው ጋር ታስሯል። ሠንጠረዥ አበጀሁለት፦ ለኪ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምልክት፣ ትርጉም፣ ይህን ማን ነገረን፣ መቼ። ኤክሴል ሲከፍት የሚያየው ማንም ሰው ከእንግዲህ ባዶ ቦታ አያገኝም፤ ወይ ቁጥር አለ፣ ወይ ለምን ቁጥር እንደሌለ የሚል ኮድ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሰዎች ስለ ዳታ ሲስተም ሲያወሩ ሰርቨር፣ ክላውድ ይላሉ። እኔ በዚህ ሳምንት የሠራሁት ትልቁ የሲስተም ሥራ 14 ደቂቃ የስልክ ወሬ ነው። ጋሼ የሌሉ ቢሆን ኖሮ ስድስቱ ዓመት በግምት ይቀር ነበር።

ታኅሣሥ 17

የዓመት ድምሮቹን አወጣሁ። መጀመሪያ መሥራት የነበረብኝ ይህ ነበር። እስከ 2007 ያሉት ዓመታት እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ከዚያ 2009 ላይ ድምሩ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። 2010ም እንደዚያው። 2012 ላይ ተመልሶ ይወርዳል።

ከፍላሹ ውስጥ ደግሞ የዚያ ዘመን ስላይድ አገኘሁ። «ተፋሰሱ ከለማ ወዲህ የዝናብ መጠን በከፍተኛ ሁኔታ ጨምሯል» ይላል፤ ወደ ላይ የሚወጣ ሰማያዊ ቀስትም አለው። ተጨብጭቦለት እንደሆነ እንጃ። እርከን ምንጭ ያጎለብታል፤ ዝናብ እጥፍ ያደርጋል ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ለማመሳከር ቸርፕስን አወረድኩ። ከሳተላይትና ከምድር ጣቢያዎች ተዋህዶ የሚሠራ የዝናብ መረጃ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1981 ጀምሮ አለ፣ በየ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ካሬ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ለአንድ መንደር በቀን ደረጃ አላምነውም። ለዓመት ግን ይበቃኛል። እሱ በ2009 ምንም የተለየ ነገር አያይም።

አንድ ቀን ነው የያዘኝ። ነሐሴ ውስጥ፣ ኤክሴሉ ላይ 164 ሚሊሜትር በአንድ ቀን። ደብተሩን ከፈትኩ። 1640 ይላል። ከጎኑ በትንንሽ ቁጥር፦ 500+500+500+140።

ታኅሣሥ 18

ሌሊቱን ስለ 500 ሳስብ አደርኩ።

የዝናብ መለኪያው አፉ 200 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ እዚያ ላይ ሲወርድ 20 ሚሊሊትር ውሃ ይሰበስባል። ከመለኪያው ጋር የሚመጣው ብርጭቆ ይህን አስልቶ የተሰመረ ስለሆነ በቀጥታ ሚሊሜትር ታነባላችሁ። ያ ብርጭቆ ግን ትንሽ ነው፤ 500 የሚል መስመር የለውም።

ጠዋት ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ብርጭቆው ተሰብሮ ነበር እንዴ?»

ዝም አሉ። ከዚያ፦ «ማን ነገረህ? በሐምሌ ሚካኤል ማግሥት ከእጄ አመለጠ። እንዳይቆጡኝ ብዬ አልተናገርኩም። ሌላ ፈልጌ ተካሁት፣ ያውም ከፊተኛው ይበልጣል።»

«እሱ ላይ ምን ይል ነበር?»

«ሚሊ ነዋ። ሁለቱም ሚሊ ነው።»

ልክ ናቸው። ሁለቱም ሚሊ ነው። እኛ ሚሊሜትሩንም ሚሊ እንላለን፣ ሚሊሊትሩንም ሚሊ እንላለን፤ መርፌም ሚሊ፣ ዝናብም ሚሊ። የደብተሩ ዓምድ ራስጌ ላይም የተጻፈው «ሚሊ» ብቻ ነው። ከሐምሌ 13 ቀን 2008 ጀምሮ ደብተሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ሚሊሊትር ነው። እሳቸውን የተካው ልጅም ያንኑ ዕቃ ተረክቦ ቀጥሏል። አዲስ ብርጭቆ የመጣው በግንቦት 2011 ነው።

ታዲያ ሃያ እጥፍ መሆን ሲገባው ለምን እጥፍ ብቻ ሆነ? ኤክሴሉን የሞላው ልጅ ነው። 248 አየ። በቀን 248 ሚሊሜትር አይዘንብም ብሎ አሰበ፤ ትክክል። ነጥብ ተረስቶ ነው ብሎም ገመተ። 24.8 ብሎ አስገባ። እውነተኛው 12.4 ነው። ሁለት ቅን ሰዎች ያለ ክፋት አንዱ በሌላው ላይ ደርበው የሠሩት ስህተት።

ለሁለት አካፍዬ ልገላገል ነበር። ደግነቱ መጀመሪያ ትንንሾቹን ቁጥሮች አየሁ። ደብተሩ ላይ 8 ሲል ልጁ አልጠረጠረም፤ 8 ሚሊሜትር ሊዘንብ ይችላላ። እንዳለ አስገባው። እውነቱ 0.4 ነው። 62 የሚለውን አንዳንዴ 6.2 አድርጎታል፣ አንዳንዴ 62 ትቶታል፤ እንደ ስሜቱ። ስለዚህ በአንድ ቀመር የሚስተካከል ነገር የለም። ከወረቀቱ እንደገና መግባት አለበት፤ ከ1,000 በላይ ቀን።

ታኅሣሥ 27

ሁለት ልጆች ቀጥረን ለየብቻ አስገቡ። አንዱ የሌላውን አያይም። ከዚያ ሁለቱን ፋይል በኮድ አመሳከርኩ፤ 37 ቦታ ላይ አልተስማሙም። አብዛኛው 1 እና 7 ነው፤ የጋሼ 7 አንገት የለውም። ሠላሳ ሰባቱን ስካኑን እያየን ሦስት ሆነን ወሰንን። አራቱ ላይ መወሰን አቅቶን «የማይነበብ» ብለን ተውናቸው።

የድሮዎቹ ቁጥሮች አልተሰረዙም። የለውጥ መዝገብ የሚባል ሠንጠረዥ አለ፦ የቀድሞው ቁጥር፣ አዲሱ፣ ማን ቀየረው፣ መቼ፣ ለምን፣ የትኛው የደብተር ገጽ። ያንን ስላይድ ያየ ሰው መጥቶ «ዝናቡ የት ገባ?» ቢል የምናሳየው አለን።

ጋሼ ላይ ማንም አልተቆጣም። ዕቃ ሲሰበር ያለ ፍርሃት የሚነገርበት መንገድ ግን ያስፈልጋል፤ አዲሱ ፎርም ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬ በየትኛው ዕቃ ለካህ/ሽ?» ነው። ከሥሩ «ተሰብሯል፤ ሌላ ይላክ» የሚል ምርጫ አለ። ለሚሰብር ሰው ቅጣት እንደሌለም በጽሑፍ አስፈርሜያለሁ።

ጥር 2

ገና አለፈ፤ ወደ ንድፉ።

አምስት ሠንጠረዥ፦ ቦታ፣ ዕቃ፣ ሰው፣ ልኬት፣ ለውጥ። እያንዳንዱ ልኬት በየትኛው ዕቃ፣ በማን፣ በምን መለኪያ እንደተወሰደ ይጠቁማል። መለኪያው ሁልጊዜ በሙሉ ስሙ ይጻፋል። «ሚሊ» የሚል ቃል ሲስተሙ አይቀበልም፤ ሞክሩት፣ ይመልስባችኋል።

የምንጮቹ መለያ ድሮ የክልል፣ የዞን፣ የወረዳና የቀበሌ ኮድ ተገጣጥሞ የተሠራ ነበር። ቆንጆ ይመስላል። ግን ክልሉ ያኔ ደቡብ ነበር፤ በ2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ፣ ዞኑም ተለወጠ። ምንጩ ካለበት ንቅንቅ አላለም፣ መለያው ግን ውሸት ሆነ። አሁን ም01፣ ም02 ብቻ ነው። አስተዳደሩ ሌላ ሠንጠረዥ ውስጥ ከመቼ እስከ መቼ ከሚል ጋር ተቀመጠ። በሚቀጥሉት 15 ዓመታት አይቀየርም ብሎ የሚወራረድ ካለ ይምጣ።

ዳታው የሚቀመጠው ኤስኪውላይት በሚባል የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው። አንድ ፋይል፣ ሰርቨር የለ፣ ወርሃዊ ክፍያ የለ። ሠሪዎቹ እስከ 2050 በፈረንጆቹ እንደግፈዋለን ብለው አስበው የሚሠሩት ነገር ነው፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ለረጅም ጊዜ ማቆያ ከሚመክራቸው ቅርጾች መካከል አስገብቶታል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሁሉም ወደ ሲኤስቪ (ማንኛውም ፕሮግራም የሚከፍተው ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ይወጣል፣ የዓመቱ ማጠቃለያ ደግሞ በወረቀት ታትሞ ለቀበሌው ይሰጣል።

ወረቀት ስል የሚስቁብኝ አሉ። በፈረንጆቹ 1981 በስዊዘርላንዱ ሃንስ ሁርኒ መሪነት የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ማይባር፣ አንዲት ጥድ፣ አንጀኒ ላይ ዝናብና የወንዝ ደለል ሲለካ መንግሥት ተለውጧል፣ ኮምፒውተር ስንት ዓይነት ተለዋውጧል። የብዙ ዓመቱ ልኬት በመጽሐፍ መልክ ስለታተመ ዛሬም ከመደርደሪያ ታወርዱታላችሁ። እዚሁ አጠገባችን ቡታጅራም ከ1986 በፈረንጆቹ ጀምሮ የአሥር ቀበሌ ሕዝብ ልደትና ሞት ሲመዘገብ ኖሯል። ረጅም ሥራ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

ጥር 14

ጥምቀት አለፈ። ፊደል።

አንዱ ምንጭ «ፀበል ውሃ»፣ «ጸበል ውሀ»፣ «ጠበል ዉሃ» እየተባለ ሦስት ምንጭ ሆኗል። ስሙ እንደተጻፈው ይቀመጣል፤ ለፍለጋ ግን ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ፣ ሰ እና ሠ አንድ፣ ጸ እና ፀ አንድ፣ አ እና ዐ አንድ የሚያደርግ ድብቅ ዓምድ ሠራሁ። ጠበልን ግን ኮድ አያገኘውም፤ በእጅ ነው ያገናኘሁት። ሲኤስቪውን ኤክሴል ላይ ስትከፍቱ አማርኛው ቁርጥራጭ ምልክት ከሆነባችሁ አትደንግጡ፤ የፊደል አቀማመጡ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ምረጡለት፣ ይመለሳል። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉት ሁለት የድሮ ሰነዶች ግን ፎንቱ ካልተጫነ የማይነበቡ ናቸው፤ ቀይሬ አስቀመጥኳቸው፣ ዋናዎቹም አሉ።

ጥር 24

ሜዳ ወጣሁ። ምንጭ የሚለካው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት በማየት ነው። ጀሪካኑ እስከ አፉ ሲሞላ ግን 20 አይደለም። ሚዛን ላይ አወጣሁት፦ 21 ተኩል። ልጁ የሚሞላው እስከ አፉ ነው። ጋሼ ግን አንገቱ ሥር ያቆሙ ነበር። ከ2010 መጋቢት ወዲህ ያለው የምንጭ ልኬት ሁሉ ትንሽ እያነሰ ተሰልቷል ማለት ነው። ይኼኛው ደግሞ በቀመር ይስተካከላል፤ ዕቃ ሠንጠረዥ ላይ ጀሪካኑን በእውነተኛ መጠኑ መዘገብኩ፣ የተቀረውን ስሌቱ ራሱ ያደርገዋል። አንድ ቁጥር ተቀይሮ የስድስት ዓመት ውጤት ሲስተካከል ማየት ደስ ይላል። ጀሪካኑ ላይ በቀለም መስመር አሠመርን።

የካቲት 5

ባክአፕ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማው ውጪ። ቢሮ አንድ፣ አዲስ አበባ አንድ ሃርድ ዲስክ፣ ክላውድ ላይ አንድ። ክላውዱን ብቻ ያላመንኩት ለምን እንደሆነ ኢንተርኔት ተቋርጦበት ያወቀ ያውቃል፤ ደግሞ ክፍያው የሚፈጸመው በአንድ ሰው ካርድ ነው።

መገልበጡ ቀላል ነው። መመለሱን ማን ሞክሮ ያውቃል? ዛሬ ባዶ ላፕቶፕ ይዤ ከአዲስ አበባው ዲስክ ልመልስ ብል ዲስኩ በይለፍ ቃል ተቆልፏል፣ ቃሉ ደግሞ የተቀመጠው እዚያው ዲስክ ውስጥ ነው። ራሴን ሰደብኩ። ቃሉ አሁን በታሸገ ፖስታ ሁለት ቦታ ተቀምጧል።

የካቲት 19

ፈተና። ስለ ሥራው ምንም የማታውቅ የአክስቴን ልጅ ጠርቼ ላፕቶፑንና የአራት ገጽ መመሪያውን ሰጠኋት፤ ጎረቤት ክፍል ገብቼ ቁጭ አልኩ። ጥያቄ መጠየቅ ክልክል ነው። ሥራዋ የ2009ን የክረምት ዝናብ ድምር ማውጣትና ቁጥሩ ለምን ከድሮው ስላይድ እንደሚለይ መጻፍ ነው።

ድምሩን በ40 ደቂቃ አገኘችው። ምክንያቱን ለማግኘት ግን ሁለት ሰዓት ፈጀባት፤ ለውጥ መዝገቡ ውስጥ ምክንያቱን «የመለኪያ ስህተት» ብዬ ነበር የጻፍኩት። «ይሄ ምን ይነግረኛል? የቱ መለኪያ? ብርጭቆው ነው ሰውዬው?» ብላ ተቆጣችኝ። ልክ ናት። የጋሼን ታሪክ በሙሉ፣ 500+500+500+140ን ጨምሮ፣ እዚያ አስገባሁት። ሦስት መስመር ነው፤ በፊት ለምን እንደሰሰትኩ አላውቅም።

ቢጫዎቹ ቀለሞች ግን እስከ ዛሬ አልተፈቱም። የቀባው ልጅ ስልክ አያነሳም። «ቢጫ፤ ትርጉሙ አልታወቀም» የሚል ኮድ ሰጥቼ አስገብቻቸዋለሁ፤ 212 ናቸው። ነገ ደግሞ የአውቶማቲኩን ባትሪ ልቀይር እወጣለሁ፤ ከጀሪካን ቀለሙ የተረፈ ካለ ልያዝ፣ ም03 ጋ ያለው ባልዲም አልተሠመረም።